ጎንበስ ካልኩ ሽባ እሆናለሁ ብዬ እፈራለሁ

ጥያቄ፦ የ41 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ውሃ ጠፍቶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከታች ሳነሳ ወገቤ ቀጭ አለ፤ የዚያን ቀን ሰው ደግፎኝ ነው ቤቴ የገባሁት። ኤም አር አይ ተነሥቼ “ሁለት ዲስክ ተንሸራቷል፣ አከርካሪሽ አርጅቷል፤ ከእንግዲህ ከባድ ነገር አታንሺ፣ ጎንበስ አትበዪ” ተባልኩ። ወረቀቱ ላይ ነርቭ ተጭኗል የሚል የለም። እግሬ አይደነዝዝም፣ ሽንቴን እቆጣጠራለሁ፣ አልከሳሁም፣ ትኩሳትም የለኝም። ግን ከዚያ ወዲህ ልብስ አላጥብም፣ እንጀራ አልጋግርም፣ በርጩማ ላይ አልቀመጥም፣ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አልሰግድም። ውሃ የምታወጣው የ14 ዓመት ልጄ ናት። የወገብ ቀበቶዬን ሳላስር ከደጅ አልወጣም። ይህን ሁሉ ተጠንቅቄም ሕመሙ አልቀነሰም፤ አሁንማ ደረጃ መውረድም እየፈራሁ ነው። ጎረቤቶቼ “ዲስክ ያለበት ሰው አንድ ቀን ሳያስበው ሽባ ሆኖ ይቀራል” ይሉኛል። እውነት ነው? ኦፕራሲዮን ልሁን ወይስ ዕድሜ ልኬን እንዲህ ተጠንቅቄ ልኑር?

መልስ፦ እህታችን፣ የጠየቁንን ሳናዞር እንመልስ። ጎንበስ ስላሉ ሽባ አይሆኑም። ልብስ ስላጠቡ፣ ሊጥ ስለቀዱ ወይም ስለሰገዱ አከርካሪዎ አይበጠስም። እርስዎ ለገለጹት ዓይነት ሕመም ኦፕራሲዮን የመጀመሪያ መፍትሔ አይደለም። ዕድሜ ልክ ተጠንቅቆ መኖር ደግሞ ያድነኛል ብለው የያዙት ነገር ስለሆነ ለመናገር ይከብደናል፤ ግን ዛሬ ካለብዎት ችግር ትልቁን ድርሻ የያዘው እሱ ነው።

እንዲህ አፋችንን ሞልተን የተናገርነው ስለ እግርዎ፣ ስለ ሽንትዎና ስለ ክብደትዎ የጻፉልንን ይዘን ነው። ከእነዚህ አንዱ ከተለወጠ ምክራችንን ትተው ሐኪም ቤት ይሂዱ። በሁለቱ ጭኖችዎ መካከልና በመቀመጫዎ አካባቢ ድንዛዜ ከተሰማዎት፣ ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ካመለጠዎት፣ የእግርዎን መዳፍ ወደ ላይ ማንሳት ካቃተዎት ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው፤ እስኪነጋ አይጠበቅም። ትኩሳትና የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ተኝተውም የማይለቅ ሕመም ከመጣ በዚያው ሳምንት ይታዩ። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ አለ፤ ከጥሬ ወተት የሚመጣ ኢንፌክሽንም ወገብን ሊይዝ ይችላል።

አሁን ወደ ምርመራ ወረቀትዎ እንምጣ። “ዲስክ ተንሸራተተ” የሚለው አባባል ብዙ ሰው አስፈርቷል። ዲስክ እንደ እርጥብ ሳሙና ሾልኮ የሚሄድ ነገር አይደለም፤ ከላይና ከታች ካለው አጥንት ጋር ተጣብቆ የተሠራ ጠንካራ ትራስ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ውሃው ይቀንሳል፣ ይሳሳል፣ ጠርዙም ወጣ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የጥናቶች ጥንቅር ምንም የወገብ ሕመም የሌለባቸውን 3,110 ሰዎች ምስል መርምሮ ነበር። 40 ዓመት ገደማ ከሆናቸው መካከል 68 በመቶው ዲስካቸው ማርጀት ጀምሯል፤ ግማሾቹ ደግሞ የዲስካቸው ጠርዝ ወጥቷል። እርስዎ ብሎክ ውስጥ ያሉትን እኩዮችዎን በሙሉ ማሽኑ ውስጥ ብናስገባ ብዙዎቹ የእርስዎን የመሰለ ወረቀት ይዘው ይወጣሉ ማለት ነው። ያልተነገራቸው ስለሆነ ግን ጀሪካናቸውን ይዘው ደረጃ ይወጣሉ።

ታዲያ ለምን ያመኛል ይሉ ይሆናል። ሕመምዎ እውነተኛ ነው፤ “ሐሳብ ነው፣ ጭንቀት ነው” ብለን ልናሰናብትዎት አይደለም። ጀሪካኑን ያነሱ ዕለት የተቀጨው ጡንቻ ወይም ጅማት ግን በሳምንታት፣ ቢበዛ በጥቂት ወራት ውስጥ ድኗል። ከ3 ወር በላይ የቆየ የወገብ ሕመም በአብዛኛው አዲስ ጉዳትን አይናገርም። አንዴ ሌባ የገባበት ግቢ ውሻ ከዚያ በኋላ ነፋስ በሩን ሲነካው፣ ጎረቤት ሲያስነጥስም ይጮኻል። ጩኸቱ እውነት ነው፤ ሌባ ግን የለም። ከወገብ ወደ አንጎል መልእክት የሚያደርሰው የነርቭ ሥርዓትም እንደዚያው ነው፤ “ጎንበስ አትበዪ” የሚለው ትእዛዝ ደግሞ ጠባቂውን ይበልጥ ያስቆጣዋል።

በገዛ እጅዎ ይሞክሩት። ቆመው ሁለቱን አውራ ጣቶችዎን ከአከርካሪዎ ግራና ቀኝ፣ ከቀሚስ መቀነት መስመር ትንሽ ከፍ አድርገው ይጫኑ። እንደ ገመድ የተወጠሩ ሁለት ጡንቻዎች ያገኛሉ። ጣትዎን ሳያነሱ ቀስ ብለው ጎንበስ ይበሉ። ሕመም የሌለበት ሰው እስከ መጨረሻው ሲያጎነብስ እነዚያ ገመዶች ይረግባሉ፤ ሰውነቱ ጅማቶቹ ላይ ይንጠለጠልና ጡንቻው ያርፋል። የቆየ የወገብ ሕመም ባለባቸው ብዙ ሰዎች ግን አይረግቡም፤ እንደተወጠሩ ወርደው እንደተወጠሩ ይነሣሉ። ትንፋሽዎንም ያስተውሉ፤ ምናልባት ይዘውት ይሆናል። ሆድዎ ደርቋል፣ ጥርስዎ ተነክሷል። እጁን ከጠዋት እስከ ማታ ጨብጦ የዋለ ሰው ማታ እጁ ቢዝልና ቢያመው የሚደነቅ የለም፤ የእርስዎም ወገብ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተጨብጦ ነው የኖረው። በዚህ ላይ ያልተሠራበት ጡንቻ ይሳሳል። ጄሶ ውስጥ የከረመ እግር ሲፈታ ቀጥኖና ደርቆ እንደሚወጣው መሆኑ ነው፤ መራመድ ሲጀምር ያማል፣ ግን “እንደገና ተሰበረ” የሚል ሰው የለም። ሲፈሩ ይሸሻሉ፤ ሲሸሹ ወገብዎ ይደክማል፤ የደከመ ወገብ በትንሹ ያማል፤ ያመመው ደግሞ ይፈራል። ከጀሪካን ተነሥቶ ደረጃ መውረድ ድረስ የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ከዚህ መውጫው ጥርስን ነክሶ በአንድ ቀን 20 ሊትር ማንሳት አይደለም። የፈሩትን ነገር በትንሽ በትንሹ እየነኩ፣ ያሰቡት መዓት መምጣት አለመምጣቱን መመርመር ነው። ባለሙያዎች በደረጃ መጋፈጥ ይሉታል። አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ያስፈልግዎታል።

ደብተሩ ላይ የሚሸሿቸውን ነገሮች በሙሉ ይጻፉና ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 100 የፍርሃት ነጥብ ይስጡ። ነጥቡን ለሕመም እንዳይሰጡት ይጠንቀቁ፤ የሚለካው ፍርሃቱ ነው። የእርስዎ ዝርዝር ይህን ሊመስል ይችላል፦ ከወለል ላይ ጫማ ማንሳት 25፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቡና መጠጣት 30፣ ያለ ቀበቶ ደረጃ መውረድ 40፣ በሳፋ ልብስ ማጠብ 55፣ ኮብልስቶን ላይ ባጃጅ መሳፈር 60፣ መስገድ 80፣ ሙሉ ጀሪካን 95። ከ25 ወይም ከ30 ይጀምሩ። ከ95 የጀመረ ሰው ይደነግጥና ይተወዋል፤ ምንም የማያስፈራን ነገር መደጋገም ደግሞ ለውሻው የሚያስተምረው የለም።

ጎንበስ ማለትን እንውሰድ፤ የብዙው ነገር ቁልፍ እሱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አልጋ ላይ በጀርባዎ ተኝተው ሁለቱንም ጉልበቶች በእጅዎ ይዘው ወደ ደረት ይሳቡ፤ 10 ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ወገብዎ አሁን የታጠፈው ቆመው ሲያጎነብሱ እንደሚታጠፈው ነው፤ ይህን ልብ ይበሉ። በሁለተኛው ሳምንት ወንበር ላይ ተቀምጠው እግርዎን ከፈት ያድርጉ፤ እጆችዎን በቅልጥምዎ ላይ እያንሸራተቱ ወደ ወለል ያውርዱ። ሲወርዱ በአፍዎ “ኡፍ” ብለው ትንፋሹን ይልቀቁት፣ አንገትዎን ይጣሉት፣ ጀርባዎ እንደ ቅል ይጉበጥ፤ ይፈቀዳል። “ጀርባን ቀጥ አድርጎ ብቻ” የሚለውን ትእዛዝ ለጊዜው ይርሱት። በሦስተኛው ሳምንት ቆመው፣ እጅ ከጭን ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት። ከዚያ ወለል ላይ ጫማ፣ ጭልፋ፣ የልጅ ደብተር አስቀምጠው ያንሱ።

ዋናው ሥራ ያለው ከማንሳትዎ በፊትና በኋላ ነው። በፊት ይጻፉ፦ “10 ጊዜ ጫማ ባነሳ ወገቤ ይያዛል፣ እስከ ነገ አልነሣም፤ እርግጠኝነቴ 80 በመቶ።” ከዚያ ያድርጉት። በኋላ ይጻፉ፦ ተያዘ ወይስ አልተያዘም? ተነሡ ወይስ አልተነሡም? አሞኝ ነበር ወይ የሚለውን እዚህ አይጠይቁ፤ ሊያምዎት ይችላል። ጥያቄው የፈሩት ነገር ደረሰ ወይ ነው። በማግስቱ ያንኑ ይድገሙና እርግጠኝነትዎን እንደገና ይጻፉ። 80 የነበረው 60፣ ከዚያ 30 ሲሆን በራስዎ የእጅ ጽሑፍ ያዩታል። እርግጠኝነትዎ ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ ወደ ቀጣዩ ይለፉ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በድብቅ መደገፊያ ነው። ጫማውን ያነሣል፤ ግን በአንድ እጁ ጠረጴዛ ይዞ፣ ትንፋሹን አፍኖ፣ ቀበቶውን አጥብቆ፣ ልጁን አጠገቡ አቁሞ። ከዚያ “የዳንኩት ስለ ቀበቶው ነው” ይላል፤ ፍርሃቱ አንድ ነጥብ አይወርድም። መጀመሪያ ላይ መደገፊያ መጠቀም ነውር የለውም፤ ግን በዚያው እንቅስቃሴ ላይ አንድ በአንድ ያንሷቸው። ቀበቶውን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም የወገብ ቀበቶና ድጋፍ እንዲሰጥ አይመክርም። እርስዎ ግን በአንድ ቀን አይጣሉት። ቤት ውስጥ በቀን 1 ሰዓት ከማውለቅ ጀምረው በየሁለት ቀኑ 1 ሰዓት ይጨምሩ፤ ቀጥሎ ሱቅ ደርሶ መምጣት፣ በመጨረሻ ታክሲና ባጃጅ።

ሌላው ስህተት ደህና ቀን ሲመጣ የሁለት ሳምንት ሥራ በአንዴ መጨረስ ነው። ወገብዎ ቀለል ያለዎት ቅዳሜ የቤተሰቡን ልብስ በሙሉ አጥበው፣ 30 እንጀራ ጋግረው፣ እሑድ መነሣት ያቅትዎታል፤ ከዚያ “ይኸው ነግረውኝ ነበር” ይላሉ። ወገብዎ አልተሰበረም፤ ያልለመደውን በአንድ ቀን ስላሸከሙት ተቆጣ እንጂ። ስለዚህ ሥራውን በቁጥር ይወስኑ። ሕመሙ ሲብስ ማቆም፣ ሲቀል መቀጠል ሕመሙን አለቃ ያደርገዋል። ለእግር ጉዞ ለምሳሌ፣ ለ3 ቀን “በቃኝ” እስኪሉ ይራመዱና ደቂቃውን ይጻፉ። 12፣ 8 እና 10 ደቂቃ ከሆነ አማካዩ 10 ነው፤ ከዚያ ላይ 2 ቀንሰው በ8 ይጀምሩ። ደህና ቀንም 8፣ መጥፎ ቀንም 8። በሳምንቱ 9 ወይም 10 ያድርጉት፤ ከዚያም በየሳምንቱ እንዲሁ ጥቂት ይጨምሩ። ቱሉ ዲምቱ በክረምት ጭቃ ነው፤ መንገዱ ካላስኬደ የብሎካችሁን ደረጃና ኮሪደር በሰዓት ይጠቀሙበት።

እንጀራውም በቁጥር ነው። የመጀመሪያው ቀን 5 ብቻ ይጋግሩና ቢችሉም ያቁሙ፤ የቀረውን ሌላ ሰው ይጨርሰው። በቀጣዩ ጋገራ 7፣ ከዚያ 9። ኤሌክትሪክ ምጣዱ ቁመቱ ይመቻል፤ የሚያስቸግረው ወለል ላይ ካለው የሊጥ ባልዲ እየቀዱ መዞሩ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ባልዲውን ወንበር ላይ ያድርጉት፤ ከዚያ ወደ በርጩማ፣ በመጨረሻ ወደ ወለል ያውርዱት። ወንበሩ ላይ ከቀረ እሱም መደገፊያ ሆኖ ይቀራል።

ጀሪካኑን የምናመጣው በመጨረሻ ነው፤ ዝግጅቱ ግን ዛሬ ይጀመራል። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ስለሆነ ሚዛን አያስፈልግዎትም። በ2 ሊትር ሃይላንድ ይጀምሩ፤ ከጠረጴዛ ላይ 10 ጊዜ ያንሱ፣ በሳምንት 3 ቀን። በቀጣዩ ሳምንት ያንኑ ከወንበር፣ ከዚያ ከወለል። ከወለል ያለ ፍርሃት ሲያነሱት ወደ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ይለፉ፤ ቀጥሎ በየሳምንቱ 1 ወይም 2 ሊትር። ወደ ሰውነትዎ አስጠግተው ይያዙት፤ ጉልበትዎም ወገብዎም ይታጠፉ፣ ሲነሡ ትንፋሽ ይልቀቁ። በዚህ አካሄድ 15 እና 20 ሊትር ላይ ለመድረስ ከ4 እስከ 5 ወር ይፈጃል። ደረጃ መውጣቱን ለብቻው በ5 ሊትር ይለማመዱት። እውነቱን ለመናገር 20 ሊትር በአንድ እጅ 3ኛ ፎቅ ማውጣት ለጤነኛውም ከባድ ነው፤ በሁለት እጅ ሁለት ባለ 10 ሊትር መያዝ ብልሃት ነው፣ ፍርሃት አይባልም። ፍርሃት የሚሆነው ባዶውን ጀሪካን ለማንሳት ልጅ ሲጠሩ ነው።

ስለ ስግደት በተለይ እንጻፍልዎ፤ መተውዎ ከሁሉ በላይ እንዳሳዘነዎት ከደብዳቤዎ ተረድተናልና። ስግደት ጉልበትን፣ ዳሌንና ወገብን እኩል የሚያጥፍ፣ ክብደቱን በእጅ የሚያካፍል እንቅስቃሴ ነው። መጀመሪያ ምንጣፍ ላይ ተንበርክከው ግንባርዎን ወንበር ላይ ያሳርፉ፤ ቀጥሎ ትራስ ላይ፤ ከዚያ መሬት። ሲነሡ አንድ እግርዎን አስቀድመው፣ እጅዎን ጭንዎ ላይ ይግፉ። በቀን 3 ይጀምሩና በየሳምንቱ 2 ወይም 3 ይጨምሩ። ለንስሐ አባትዎ እየተለማመዱ መሆኑን ይንገሯቸው፤ ቁጥሩን ከእርሳቸው ጋር ይወስኑ። ቀስ በቀስ ሳይለማመዱ ስቅለት ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄደው ከምእመኑ እኩል ልስገድ እንዳይሉ አደራ፤ የልብስ ማጠቡ ቅዳሜ ማለት ያኔ ነው።

ሕመሙ አንዳንድ ቀን ይነሣል፤ ይህን ከአሁኑ ይወቁት። ከልምምድ በኋላ ጨምሮ በማግስቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ያው ደረጃ ላይ ይቆዩ። ከ2 ቀን በላይ ከቆየ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሱ፤ ከ8 ሊትር ወደ 6፣ ከ15 ደቂቃ ወደ 12። ወደ አልጋ ግን አይመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ ጥናት ወገባቸውን ድንገት የታመሙ የሄልሲንኪ ከተማ ሠራተኞች 2 ቀን እንዲተኙ ከታዘዙት ይልቅ የቻሉትን ያህል የዘወትር ሥራቸውን የቀጠሉት ቶሎ አገግመዋል። ትኩስ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ በፎጣ ጠቅልሎ ለ15 ደቂቃ መያዝ ያረግባል። ዳይክሎፌናክና መሰል የሕመም ማስታገሻዎችን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለሳምንታት አይውሰዱ፤ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ።

ለቤተሰብዎም የምንለው አለን። እርስዎ ጎንበስ ባሉ ቁጥር ባለቤትዎና ልጅዎ “ተይ፣ ወገብሽ!” የሚሉ ከሆነ ከፍቅር ነው፤ ግን በቀን አሥር ጊዜ አደጋ አለ እያሉ ይነግሩዎታል። ደብተሩን ያሳዩዋቸው። ዛሬ 5 እንጀራ እንደሆነ፣ 6 ሊትር እንደሆነ ይወቁ፤ እስከዚያ ድረስ አይንኩብዎ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ይርዱ። ስለ ሽባ መሆን የሚያወሩትን ጎረቤቶች ለመመለስ ብዙ መከራከር አያስፈልግም፤ ወሬው ሲጀመር ቡናውን በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው ይቅዱ።

ብቻዎን ከከበደዎት፣ ወይም በ6 ሳምንት ውስጥ ደብተሩ ላይ አንድም ነጥብ ካልወረደ፣ ወይም ሐዘኑ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለዎት፣ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈው ፊዚዮቴራፒ ያለበት ሆስፒታል ይሂዱ። እዚያ ሲደርሱ “የምፈልገው በደረጃ የሚጨምር ልምምድ ነው፣ ጎንበስ ማለትና ማንሳትም ይጨመርበት” ይበሉ። የሚሰጥዎት ተኝተው የሚቀበሉት ሙቀትና የኤሌክትሪክ ማሽን ብቻ ከሆነ ልምምዱ መቼ እንደሚጀመር ይጠይቁ። ኤም አር አዩን እንደገና ለመነሣት ገንዘብ አያውጡ፤ ከላይ ከጻፍናቸው የአደጋ ምልክቶች አንዱ ካልመጣ የሚጨምረው ነገር የለም። ደብተሩን ግን ይዘው ይሂዱ፤ ለባለሙያው ከምስሉ ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው።